የመንግሥት ወጪና የሕዝብ ዕርጅና በብሔራዊ ኢኮኖሚ ላይ ያላቸው ተጽዕኖ፦ ምሥራቅ አዲስ አበባ እንደ ማሳያ

ሀ. መግቢያ

የአንድ አገር ኢኮኖሚ አቋም ሲመዘን ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሱት የእርሻ ምርት፣ የፋብሪካ ውጤት፣ የውጭ ንግድና የገንዘብ የመግዛት አቅም ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ በስተጀርባ ግን ቀስ ብሎ የሚሠራ፣ በአንድ የበጀት ዓመት የማይታይ፣ በሠላሳና በአርባ ዓመት ውስጥ ግን የአገርን አቅም ሊያሳድግም ሊያደክምም የሚችል አንድ ኃይል አለ። ይኸውም የሕዝቡ የዕድሜ አቀማመጥ ነው። ከሕዝቡ መካከል ስንቱ ሕፃን፣ ስንቱ ሠርቶ አዳሪ፣ ስንቱስ በዕድሜ የገፋ ነው የሚለው ጥያቄ፣ ስንት ትምህርት ቤት ይሠራ፣ ስንት መምህር ይቀጠር፣ ስንት ብር ለጡረታ ይያዝ ከሚሉት ጥያቄዎች ተለይቶ ሊታይ አይችልም።

ኢትዮጵያ የወጣቶች አገር ስለ ሆነች የሕዝብ ዕርጅና የባለጸጎች አገሮች ጭንቀት እንጂ የእኛ ጉዳይ አይደለም የሚል አስተያየት ዘወትር ይሰማል። አስተያየቱ ግማሽ እውነት አለው። አገሪቱ በአማካይ ወጣት መሆኗ የማይካድ ነው። ሆኖም አማካይ ቁጥር የሚሸፍነው ነገር ብዙ ነው። በተለይ አዲስ አበባ፣ ከእርሷም ውስጥ ቦሌና በምሥራቅ በኩል የተዘረጉት አዳዲስ ሰፈሮች፣ የቀሪው አገር ሕዝብ ምናልባት ከአንድ ትውልድ በኋላ የሚደርስበትን ሁኔታ ከወዲሁ ያሳያሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የመንግሥት ወጪና የሕዝብ ዕርጅና በብሔራዊ ኢኮኖሚ ላይ በምን በምን መንገድ እንደሚሠሩ በቀላል ሒሳብ ማስረዳት፣ የምሥራቅ አዲስ አበባንም ሁኔታ በማሳያነት ማቅረብ፣ በመጨረሻም መምህራንና ዕቅድ አውጪዎች ከዚህ ምን ሊወስዱ እንደሚችሉ ማመልከት ነው።

ለ. የሕዝብ ዕርጅና ማለት ምን ማለት ነው?

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የሰው ዕርጅና በአንድ ግለሰብ ላይ የሚደርስ ተፈጥሯዊ ለውጥ ነው። የሕዝብ ዕርጅና ግን በጠቅላላው ሕዝብ ውስጥ የአረጋውያን ድርሻ ከፍ እያለ መሄድ ማለት ነው። ግለሰብ ወደ ወጣትነት አይመለስም፤ ሕዝብ ግን ብዙ ልጅ ከተወለደለት ወይም ብዙ ወጣት ከሌላ ስፍራ ከፈለሰለት ወጣት ሆኖ ሊቆይ ይችላል።

ሕዝብ የሚያረጀው በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛው የውልደት መጠን ሲቀንስ ነው። ከታች የሚጨመረው ሕፃን ሲያንስ፣ ከላይ ያለው የአረጋዊ ድርሻ ቁጥሩ ባይጨምር እንኳ ከፍ ይላል። ሁለተኛው የሰው ዕድሜ ሲረዝም ነው። በአገራችን በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በውልደት ጊዜ የሚጠበቀው አማካይ ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ሆኗል። ለዚህም ክትባት፣ የንጹሕ ውኃ አቅርቦት፣ እንዲሁም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከፍተኛ ድርሻ አላቸው። ስለዚህ የሕዝብ ዕርጅና በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ የልማት ውጤት ነው። ችግር የሚሆነው ዝግጅት ሳይደረግለት ሲደርስ ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው ሁሉ፣ አመጣጡ ዝግተኛ በመሆኑ ምክንያት ብዙ አገሮችን አዘናግቷል።

ኢኮኖሚስቶች ይህን የሚለኩት የጥገኝነት ምጣኔ በሚባለው መሣሪያ ነው። ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታችና ከ64 ዓመት በላይ የሆኑት ሰዎች ተደምረው ከ15 እስከ 64 ዓመት ላሉት ሲካፈሉ፣ መቶ ለሥራ የደረሱ ሰዎች ስንት ጥገኞችን እንደሚሸከሙ ይታወቃል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከመቶ ኢትዮጵያውያን መካከል 45 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች፣ 3 ያህሉ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ የቀሩት 52 ያህሉ በመካከል ያሉ ነበሩ። 48ን ለ52 ስናካፍል፣ መቶ ለሥራ የደረሱ ሰዎች 92 ጥገኞችን ይሸከሙ ነበር ማለት ነው። ከ92ቱም መካከል አረጋውያኑ 6 ያህል ብቻ ነበሩ። በዚያ ዘመን የአገሪቱ ሸክም የሕፃናት ሸክም ነበር።

ሐ. የአገሪቱና የመዲናዋ ሁለት መልኮች

በዚያው ቆጠራ የአዲስ አበባ መልክ ፈጽሞ የተለየ ነበር። በመዲናዋ ከ15 ዓመት በታች የነበሩት ከጠቅላላው ነዋሪ ሩብ ያህል ሲሆኑ፣ ለሥራ በደረሰ ዕድሜ ያሉት ከመቶ ከ70 በላይ ነበሩ። ይህ ልዩነት ከየት መጣ?

መልሱ በከፊል ከውልደት መጠን ይገኛል። አንዲት ሴት በወላድነት ዘመኗ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥር በ1985 ዓ.ም. የሕዝብ ፖሊሲ ሲወጣ በአገር አቀፍ ደረጃ 7.7 እንደ ነበረ ተገምቷል። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት ይህ ቁጥር በ1997 ዓ.ም. 5.4፣ በ2003 ዓ.ም. 4.8፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 4.6 ሆኗል። በአዲስ አበባ ግን በእነዚያው ሦስት ዓመታት 1.4፣ 1.5 እና 1.8 ነበር። አንድ ትውልድ ራሱን ለመተካት 2.1 ያህል ልጆች እንደሚያስፈልጉ ሲታወስ፣ የመዲናዋ ነዋሪ ራሱን ከመተካት በታች ከወረደ ብዙ ዓመታት አልፈዋል ማለት ነው። የቤት እጥረት፣ የሥራ መጥፋት፣ በዚህም ምክንያት የጋብቻ መዘግየት፣ የሴቶች ትምህርት መስፋፋትና የወሊድ መቆጣጠሪያ በቅርብ መገኘት ለዚህ የሚጠቀሱ ምክንያቶች ናቸው።

ታዲያ ከተማዋ እስካሁን ለምን አላረጀችም? የሚያድሳት ፍልሰት ስለሆነ ነው። በየዓመቱ ከየክልሉ ለትምህርት፣ ለቤት ሠራተኛነት፣ ለግንባታ ሥራና ለንግድ የሚገቡት ወጣቶች የዕድሜ አቀማመጧን ይጠግናሉ። ይህ ግን ብድር እንጂ ስጦታ አይደለም። ወጣቱን አሳድጎ ያስተማረው የገጠር ቤተሰብና የወረዳ በጀት ሲሆን፣ የሥራ ዘመኑን ፍሬ የምታገኘው ከተማዋ ናት። የገጠሩ የውልደት መጠን እየቀነሰ በሄደ ቁጥር ደግሞ የፍልሰቱ ምንጭ ራሱ ይቀንሳል። ዛሬ በአዲስ አበባ የሚታየው ነገ የአገሪቱ ይሆናል የምንለውም ስለዚህ ነው።

መ. የመንግሥት ወጪ በኢኮኖሚ ላይ የሚሠራው እንዴት ነው?

የመንግሥት ወጪ ለማስረዳት እንዲያመች በሦስት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው ደመወዝን፣ መድኃኒትን፣ የጽሕፈት መሣሪያንና የመሳሰለውን የሚሸፍነው መደበኛ ወጪ ነው። ሁለተኛው መንገድን፣ ትምህርት ቤትን፣ ሆስፒታልንና ግድብን የሚያስገነባው የካፒታል ወጪ ነው። ሦስተኛው መንግሥት ዕቃም አገልግሎትም ሳይገዛበት ከአንዱ ወገን ሰብስቦ ለሌላው የሚያስተላልፈው ገንዘብ ነው። የጡረታ አበልና የምግብ ዋስትና ድጋፍ ከዚህ ይመደባሉ።

የወጪው ምንጭ ደግሞ ግብር፣ ብድር፣ ዕርዳታ ወይም የገንዘብ ኅትመት ነው። እያንዳንዱ ምንጭ የራሱ ዋጋ አለው። ግብር የዛሬን ሠራተኛ ገቢ ይቀንሳል። ብድር የነገውን ግብር ከፋይ ያስከፍላል። ከአቅም በላይ የታተመ ገንዘብ ደግሞ በዋጋ ንረት መልክ ከሁሉም ኪስ ይወስዳል፤ ከሁሉ አስቀድሞም የሚወስደው ገቢያቸው በብር ተቆርጦ ከተወሰነው ሰዎች ነው። ከእነዚህም የመጀመሪያዎቹ ጡረተኞች ናቸው። በኢትዮጵያ ባለፉት ዓመታት የታክስ ገቢ ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት ከ10 በመቶ በታች ሆኖ በመቆየቱ፣ መንግሥት ለአንዱ ሲጨምር ከሌላው መቀነሱ ወይም መበደሩ አይቀሬ ነው።

የሕዝብ ዕድሜና የመንግሥት ወጪ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ሕፃንና አረጋዊ ሁለቱም በሌላው ሥራ ይኖራሉ፤ ለኢኮኖሚው ያላቸው ትርጉም ግን አንድ አይደለም። ለሕፃን የሚወጣው ወጪ ከ15 ዓመት በኋላ በሠራተኛ ጉልበትና ዕውቀት ተመልሶ ይመጣል። ለአረጋዊ የሚወጣው ግን ትናንት ለተሠራ ሥራ የሚከፈል ዕዳ ነው። ዕዳ መክፈል የፍትሕ ጉዳይ እንጂ ብክነት አይደለም። ነገር ግን ዕዳው የሚከፈለው ከዛሬው ምርት ስለሆነ፣ የዛሬው ሠራተኛ ብዛትና የምርታማነት ደረጃ ከሁሉም በላይ ወሳኝ ነው።

በሁለቱ ዘመናት መካከል፣ ማለትም ሕፃናቱ አንሰው አረጋውያኑም ገና ሳይበዙ፣ ለሥራ የደረሰው ሕዝብ ድርሻ ከፍ የሚልበት ጊዜ አለ። ይህ ጊዜ ለአንድ አገር አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት በር ነው። ሠራተኛው ሥራ ካገኘ ቁጠባ ያድጋል፤ ከቁጠባው መዋዕለ ንዋይ ይገኛል፤ ለዕርጅናውም ዘመን ጥሪት ይቀመጣል። ሥራ ካላገኘ ግን በሩ ተከፍቶ ሳለ ማንም ሳይገባበት ይዘጋል።

ሠ. የጡረታ ሒሳብ

ጡረታ የሚለው ቃል ጦረ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ጧሪ ቀባሪ ማለት በአገራችን ባህል ልጅ ማለት ነበር፤ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ የሚለውም ምርቃት ይህንኑ ያመለክታል። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 209/1955 ሲወጣ ይህ የልጅ ግዴታ ለመጀመሪያዎቹ የመንግሥት አገልጋዮች በሕግ ወደ ተቋቋመ ሥርዐት መተላለፍ ጀመረ። በ2003 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 714 እና 715 የመዋጮውን መጠን ከፍ ከማድረጋቸውም በላይ፣ ሁለተኛው አዋጅ የግል ድርጅት ሠራተኞችን ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት በጡረታ ዐቅፏል። ሁለቱም አዋጆች በ2014 ዓ.ም. በወጡት በአዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተተክተዋል።

ሥርዐቱን በምሳሌ እንመልከት። ሠራተኛው ከወር ደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ ያዋጣሉ። ዕድሜው 60 ዓመት የሞላና ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሲቪል ሠራተኛ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል፤ ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ድምሩም ከ70 በመቶ አይበልጥም። እንግዲህ 35 ዓመት ያስተማሩና የመጨረሻ አማካይ ደመወዛቸው 8,000 ብር የሆነ አንዲት መምህርት አሉ እንበል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ለቀሪዎቹ 25 ዓመታት 31.25 በመቶ፣ በድምሩ 61.25 በመቶ ይታሰብላቸዋል። አበላቸውም በወር 4,900 ብር ይሆናል።

አሁን ከሌላው ወገን እንየው። በዚያው 8,000 ብር ደመወዝ የሚሠራ ሌላ መምህርና አሠሪው በወር የሚያዋጡት 1,440 ብር ነው። 4,900ን ለ1,440 ስናካፍል 3.4 እናገኛለን። ይህም ማለት የአንዲትን ጡረተኛ መምህርት አበል ከወቅቱ መዋጮ ብቻ ለመክፈል ሦስት ተኩል ያህል በሥራ ላይ ያሉ መምህራን ያስፈልጋሉ። የአዋጪዎቹ ቁጥር ለአንድ ጡረተኛ ዐሥር ከሆነ ፈንዱ ይካበታል፤ ሦስት ተኩል ያህል ከሆነ ይቆማል፤ ሁለት ከሆነ ግን ወይ መዋጮው ይጨመራል፣ ወይ አበሉ ይቀነሳል፣ ወይ የጡረታ ዕድሜው ይገፋል፣ ወይም ጉድለቱን መንግሥት ከግብር ይሸፍናል። አምስተኛ መንገድ የለም።

ፈንዱ የሚጠራቀመው ገንዘብ የት ይቀመጣል የሚለውም ጥያቄ ቀላል አይደለም። ለረጅም ዓመታት ዋነኛ ማረፊያው የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ሲሆን፣ ወለዱ ከዋጋ ንረቱ እጅግ ያነሰ ነበር። በዚህ ረገድ የጡረታ ፈንዱ ለመንግሥት ርካሽ አበዳሪ ሆኖ አገልግሏል። በገንዘቡ መንገድና ግድብ ተሠርቶበት ይሆናል፤ ነገር ግን ከወለዱ በላይ ዋጋ ሲንር የተቀማጩ እውነተኛ ዋጋ ይሟሟል።

የዋጋ ንረት ለጡረተኛ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌያችን እንይ። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በወር 4,900 ብር የሚያገኙት መምህርት አበላቸው ሳይስተካከል ዋጋ በ30 በመቶ ቢጨምር፣ ከዓመት በኋላ የአበላቸው የመግዛት አቅም ወደ 3,770 ብር ገደማ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ 2,900 ብር ገደማ ይወርዳል። ማንም አዋጅ ሳያወጣ፣ ማንም ፊርማ ሳያኖር፣ ከጡረታቸው አምስት ሁለት እጅ ተቀነሰ ማለት ነው። አበሉ በየጊዜው ማስተካከያ ይደረግበታል፤ ይሁን እንጂ ማስተካከያው ከንረቱ ኋላ ኋላ ከሄደ፣ የበጀት ጉድለት በሕትመት ሲሸፈን ከፋዩ ማን እንደሆነ ይህ ስሌት በግልጽ ያሳያል።

ከዚህም የሚከፋው ጡረታ የሌለው መብዛቱ ነው። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ አርሶ አደር፣ አርብቶ አደር ወይም በራሱ አነስተኛ ሥራ የሚተዳደር በመሆኑ፣ መደበኛ ጡረታ የሚደርሰው ለጥቂቱ ብቻ ነው። በገጠር በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ በከተሞችም በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው ተመሳሳይ ፕሮግራም፣ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቀጥተኛ ድጋፍ የሚሰጡት ይህን ክፍተት በከፊል ለመድፈን ነው።

ረ. የምሥራቅ አዲስ አበባ ሰፈሮች ምን ያስተምራሉ?

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ በገርጂ፣ በሲኤምሲ፣ በሰሚትና በአያት በኩል እስከ ቦሌ አራብሳ የሚጓዝ ሰው፣ የመንግሥት ወጪ አንድን አካባቢ እንዴት እንደሚለውጥ በዓይኑ ያያል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር በሙከራ የተጀመረው በቦሌ ገርጂ በ1996 ዓ.ም. ገደማ ነበር። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የተዘረጋው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሌና ከየካ ክፍለ ከተሞች ተከፍሎ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ተቋቋመ። በእነዚህ ሰፈሮች የዕድሜ ጉዳይና የወጪ ጉዳይ የሚገናኙባቸው አራት ነጥቦች አሉ።

አንደኛው የመሬት ጉዳይ ነው። ከተማዋ ወደ ምሥራቅ ስትሰፋ ቤቶቹና ፋብሪካዎቹ የተሠሩት በአርሶ አደሮች ማሳ ላይ ነው። ለአርሶ አደር መሬት ማለት እርሻም፣ ቁጠባም፣ ጡረታም ነው። አርጅቶ ጉልበቱ ሲደክም ለልጁ ወይም ለሌላ በእኩል እያሳረሰ ይኖራል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱ በቋሚነት የሚወሰድበት ባለይዞታ ለመፈናቀያ የሚከፈለው የአማካይ ዓመታዊ ገቢው ዐሥር እጥፍ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ ዐሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አድርጎታል። ዕድሜው 50 ዓመት ሳለ የዐሥር ዓመት ገቢ በአንድ ጊዜ የተከፈለው ገበሬ፣ ዋጋ ባይንር እንኳ፣ ገንዘቡ የሚያልቀው ልክ 60 ዓመት ሲሞላው ነው። እንግዲህ ካሳ ሲተመን የመሬቱ ምርት ብቻ ሳይሆን የባለመሬቱ ዕድሜም ቢታሰብ ተገቢ ይሆናል።

ሁለተኛው የቤት ጉዳይ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለብዙ ሺሕ ቤተሰቦች ንብረት አስገኝተዋል። ነገር ግን በብዛት የተሠሩት ባለ አራት ፎቅ ሕንጻዎች አሳንሰር የላቸውም። በ40 ዓመቱ በዕጣ አራተኛ ፎቅ የደረሰው ሰው በ70 ዓመቱም ያንኑ ደረጃ መውጣት ይጠበቅበታል። ከመካከለኛው ከተማ የፈረሱ ሰፈሮች ነዋሪዎች ወደ ዳር ሲዛወሩም፣ አረጋውያኑ በአነስተኛ የቀበሌ ቤት ኪራይ ያገኙት የነበረውን ድጎማና ለዓመታት ያዋጡበትን እድር ጎረቤት በአንድነት ያጣሉ። በበጀት መዝገብ ላይ እድር የሚባል አርእስት የለም። ሲፈርስ ግን የሚያስከትለው ወጪ በጤና ጣቢያና በዕርዳታ ድርጅት ደጃፍ ይታያል።

ሦስተኛው የሥራ ጉዳይ ነው። የቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች በአብዛኛው ከክልል የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። እነዚህ ከላይ የተጠቀሰው የተከፈተ በር ገቢ ሠራተኞች ናቸው፤ የእነርሱ መዋጮ የነገው የጡረታ ፈንድ ነው። ሆኖም ደመወዙ አነስተኛ፣ ሥራ መልቀቁም ብዙ ከሆነ፣ 10 ዓመት ያልሞላው አገልግሎት የዕድሜ ልክ አበል ስለማያስገኝ፣ ለሠራተኛዋም ለፈንዱም የሚተርፈው ጥቂት ነው። አሜሪካ ለአፍሪካ ምርቶች የፈቀደችው ከቀረጥ ነጻ ዕድል ለኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሲቋረጥ እንደታየውም፣ የሥራ ዕድሉ በውጭ ገበያ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አራተኛው የእንክብካቤ ጉዳይ ነው። በአያት አካባቢ የሚገኘው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በሺሕ የሚቆጠሩ ጧሪ ያጡ ሰዎችን በሕዝብ ልግስና ይረዳል። ሥራው የሚመሰገን ነው። ለዕቅድ አውጪ ግን የሚሰጠው ትርጉም ሌላም ነው፤ የቤተሰብ ጧሪነት ሲላላና የመንግሥት ጡረታ ሳይደርስ ሲቀር፣ በመካከል የሚቀረው ሰው ቁጥር ከወዲሁ ቀላል አለመሆኑን ይመሰክራል። ብዙ ቤተሰብ በዓረብ አገርና በምዕራቡ ዓለም ያሉ ልጆቹ በሚልኩት ገንዘብ ይጦራል። ይሁን እንጂ ገንዘብ ሐዋላ ቤት ድረስ ይደርሳል እንጂ ሕመምተኛን አያገላብጥም።

ሰ. ከሌሎች አገሮች ተሞክሮ

በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1889 የመጀመሪያው የዕርጅና መድን ሕግ ሲወጣ የጡረታው ዕድሜ 70 ዓመት ነበር፤ እዚያ የሚደርሰው ሠራተኛ ጥቂት ስለነበረ ወጪው ቀላል ነበር። በፈረንሳይ የአረጋውያን ድርሻ ከ7 በመቶ ወደ 14 በመቶ ለመድረስ 115 ዓመታት ወስዷል። በጃፓን ግን ይኸው ጉዞ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1994 በ24 ዓመታት ተጠናቋል። ዛሬ በዚያች አገር ከአሥር ሰዎች ሦስቱ ያህል 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ናቸው፤ የመንግሥት ዕዳዋም ከዓመታዊ ምርቷ ከእጥፍ በላይ ነው፤ ተማሪ በማጣት የተዘጉ ትምህርት ቤቶችም ብዙ ናቸው። ጃፓን ይህን ልትሸከም የቻለችው ሳታረጅ ስለበለጸገች ነው። ዘግይተው የጀመሩ አገሮች በፍጥነት ያረጃሉ፤ ስለዚህ ሳይበለጽጉ ማርጀት የእኛን መሰል አገሮች የሚያሰጋ ነገር ነው።

ሀብታም ሳይሆኑ አረጋውያንን መርዳት እንደሚቻል ደግሞ ሌሶቶ አሳይታለች። ይህች አነስተኛ አፍሪካዊት አገር እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ዕድሜያቸው 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነዋሪዎቿ፣ መዋጮ ቢከፍሉም ባይከፍሉም፣ ከራሷ በጀት አነስተኛ አበል ትሰጣለች። በእነዚህ አረጋውያን ቤት የልጅ ልጆች ስለሚያድጉ፣ ከአበሉ ለደብተርና ለምግብ የሚውለው ቀላል አይደለም። ለአረጋዊ የሚሰጥ ብር ከሕፃን የሚነጠቅ ብር ብቻ ተደርጎ መታየት እንደሌለበት ይህ ያስረዳል።

ሸ. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከላይ ከተባለው የሚከተሉት ነጥቦች ይወጣሉ።

1. ለዕርጅና የሚደረግ ዝግጅት የሚጀምረው በአንደኛ ክፍል ነው። በ2018 ዓ.ም. 7 ዓመት ሆኖት ትምህርት ቤት የገባ ሕፃን 60 ዓመት የሚሞላው በ2071 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ምን ያህል እንደሚያመርትና እንደሚቆጥብ በብዙ የሚወሰነው በሚያገኘው ትምህርት ጥራት ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ 3 ሚሊዮን ያህል የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር በ2001 ዓ.ም. ገደማ ከ15 ሚሊዮን በላይ መድረሱ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን አምስት ሠራተኛ ያስፈልግበት የነበረውን ጡረታ ሦስት ሠራተኛ እንዲሸከመው የሚያደርገው የተማሪው ቁጥር ሳይሆን የተማሪው ችሎታ ነው።

2. የትምህርት ቤት ዕቅድ በአገር አማካይ አይሠራም። ከተማን በሚመለከት የውልደት መጠንና ፍልሰት ለየብቻ መታየት አለባቸው። አዲስ የጋራ መኖሪያ መንደር ወጣት ቤተሰቦችን በአንድ ጊዜ ስለሚያሰፍር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመዋዕለ ሕፃናትና የአንደኛ ደረጃ ክፍል እጥረት ይበረታል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ግን እነዚያው ወላጆች አብረው ይሸመግላሉ፤ ክፍሎቹም ይሳሳሉ። ስለዚህ የሚሠራው ሕንጻ በምድር ቤቱ ለጎልማሶች ትምህርት፣ ለጤና ምርመራና ለአረጋውያን መሰብሰቢያ ሊውል በሚችልበት ሁኔታ ቢነደፍ፣ አንዱ የካፒታል ወጪ ሁለት ትውልድ ያገለግላል።

3. የሕዝብ ቆጠራ ቅንጦት አይደለም። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ በመራዘሙ ዕቅድ የሚነደፈው በ1999 ዓ.ም. መነሻ ላይ በተሠሩ ግምቶች ነው። እንደ ለሚ ኩራ ያለ፣ በቆጠራው ጊዜ ገና ማሳ የነበረ አካባቢ በግምት ብቻ ሊታቀድለት አይገባም።

4. ትምህርቱ በክፍል ውስጥ ይግባ። የሒሳብ መምህር መቶኛን ሲያስተምር ከላይ የቀረበውን የጡረታ ስሌት ሊጠቀምበት ይችላል። የጂኦግራፊ መምህር ተማሪዎቹ በየቤታቸው ያሉትን ሰዎች ዕድሜ መዝግበው የክፍሉን የሕዝብ ፒራሚድ እንዲሥሉ ሊያደርግ ይችላል። በቦሌና በገጠር ወረዳ የሚሣሉት ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ከብዙ ገለጻ ይበልጥ ያስረዳሉ። የኢኮኖሚክስ ተማሪዎችም ከሰፈር እድር የገቢና ወጪ መዝገብ በመነሣት፣ አባላቱ ሲሸመግሉ አዲስ ገቢ ካልተገኘ መዋጮው ምን እንደሚሆን ሊመረምሩ ይችላሉ። እድሩ የጡረታ ፈንድ ታናሽ ወንድም ስለሆነ በአንዱ የታየው በሌላውም ይታያል።

5. መምህሩ የራሱን ጉዳይ ይወቅ። በ2018 ዓ.ም. በ22 ዓመቱ የተቀጠረ መምህር ጡረታ የሚወጣው በ2056 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ አበሉን የሚከፍሉት ዛሬ ያልተወለዱና እርሱ ወይም ባልደረቦቹ የሚያስተምሯቸው ልጆች ናቸው። የአገልግሎት ማስረጃን በሥርዐት መያዝ፣ የመዋጮን አከፋፈል መከታተልና የአበል አስተሳሰብን መረዳት ከወዲሁ የሚሠራ ሥራ ነው።

ቀ. መደምደሚያ

የመንግሥት ወጪ በሕፃንና በአረጋዊ መካከል የሚደረግ ሽሚያ ተደርጎ ሲቀርብ ጥያቄው በተሳሳተ መልክ ቀርቧል። ሕፃኑና አረጋዊው በተለያየ ዘመን የሚታይ አንድ ሰው ናቸው። ለሕፃኑ ትምህርት የሚወጣው ወጪ ለሽምግልናው የሚቀመጥ ስንቅ ነው፤ ለአረጋዊው የሚከፈለው አበል ደግሞ ሠርቶ አዳሪው ነገን እንዲያምን የሚያደርግ ቃል ኪዳን ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው በመካከል ያለው የሥራ ዘመን ነው። ሥራ ከሌለ ትምህርቱም ጡረታውም ባዶ ይሆናሉ፤ የዋጋ ንረት ካልተገታም የተጠራቀመው ይተናል።

አገራችን ከዚህ በር ደጃፍ ላይ ትገኛለች። መዲናዋ፣ በተለይም ምሥራቃዊ ክፍሏ፣ አንድ እግሯን አስገብታለች። በሩ ክፍት ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ዐሥርት ዓመታት ነው፤ ርዝመቱንም የሚወስነው ተፈጥሮ ሳይሆን ዛሬ በየክፍሉ የሚሰጠው ትምህርትና በየዓመቱ የሚጸድቀው በጀት ነው።